ጨው በነሰነስንበት ሌጦ ላይ ቀይ ነገር ወጣ። ከዓይናችን ቀለም ጋር ይገናኛል የሚባለው እውነት ነው?

የቆዳ ቤት ልጅ፣ ጎንደር

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አባቴ ቆዳና ሌጦ ሰብሳቢ ነው። መጋዘናችን ከቅዳሜ ገበያ ወረድ ብሎ ነው ያለው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮት የለውም። ለፋሲካ ከየሰፈሩ የገዛነውን የበግና የፍየል ሌጦ፣ ከጥቂት የበሬ ቆዳ ጋር፣ እንደ ልማዳችን ጨው ነስንሰን ደረደርነው። የመኪና ነገር አልሳካ ብሎን አምስት ሳምንት ቆየ።

ባለፈው ሳምንት ክምሩን ስንገለብጥ መሃል ላይ ያሉት በሥጋ በኩል ቀልተው አገኘናቸው። አንዳንዱ ሮዝ ነው። አንዳንዱ እንደ ድልህ ደም መስሏል። ሲነኩት ያዳልጣል። ሽታውም የለመድነው የቆዳ ሽታ አይደለም። ገዢው መጥቶ አየና "ይሄማ ተበልቷል" ብሎ ደረጃውን ዝቅ አደረገብን። ወንድሜ "ደሙ በደንብ ሳይታጠብ ነው ጨው የተደረገበት" ይላል። አባዬ ደግሞ "ጨዉ ነው! የአምናውን ጨው መልሳችሁ አትጠቀሙ ብዬ ነበር" ብሎ ተቆጥቷል።

እኔ የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከቀዩ ነገር ፋቅ ፋቅ አድርጌ በሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ከፈልኩት። በአንዱ ጨው እስኪጠግብ የሟሟበት ውሃ ጨመርኩ። በሌላው ንጹህ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ። በጨው ውሃው ውስጥ ሮዝ ደመና ሆኖ ቆየ። በንጹሁ ውሃ ግን ደመናው ወዲያው ጠፋ፤ ውሃውም እንደ ተልባ ተዝለገለገ። ይህን ሳይ በጣም ገረመኝ።

ማታ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ ነገር አነበብኩ። በጨው ውስጥ የሚኖሩ ተህዋስያን ብርሃን የሚይዝ ቀለም አላቸው፣ ቀለሙም በዓይናችን ውስጥ ያለው ራሱ ነው ይላል። አያቴ ዳፍንት አለባት። ጀምበር ከጠለቀች ግድግዳ እየዳበሰች ነው የምትሄደው። ሰው ሁሉ "ጉበት አብሏት" ይለናል። ስለዚህ ነገሩ ከልቤ ገባ። በበግ ሌጦ ላይ የበቀለ ነገርና የአያቴ ዓይን እንዴት ነው አንድ ቀለም የሚኖራቸው? የሚያውቅ ካለ ከኬሚስትሪው ጀምሮ ያስረዳኝ።

የጨው መኪና ሹፌር

እህት፣ አባትሽ ልክ ናቸው። ከአፍዴራ ጨው ስጭን ብዙ ዓመቴ ነው። እዚያ ጨዉ የሚመረተው ከሐይቁ ውሃ በፓምፕ እየተሳበ፣ ሰፋፊ ገንዳ ላይ ተኝቶ፣ በፀሐይ እየደረቀ ነው። ጨው እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር ይመስላል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ድሮ እዚህ ጎንደር ድረስ እንደ ብር ሲገበያዩበት የነበረው አሞሌም ከዚያው ከአፋር በረሃ ተጠርቦ በግመል የወጣ ነው።

ኬሚስትሪውን ለተማሩት ልተወው። አንድ ነገር ግን አደራ። ቆዳ ላይ የዋለ ጨው ተጠርጎ ለከብት እንዳይሰጥ። ከአባ ሰንጋ ጀምሮ ብዙ በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። አንዳንድ ሰው ያሳዝነዋል መድፋቱ፤ ግን ይደፋ።

ጡረተኛው መምህር፣ አዘዞ

ልጄ፣ ጠርሙሶቹን በማዘጋጀትሽ በጣም ደስ ብሎኛል። አንቺ ስልሽ አትቀየሚኝ፤ ለሠላሳ ዓመት ገደማ ኬሚስትሪ ያስተማርኳቸው ልጆች ዕድሜ ላይ ነሽ።

ከሌጦው ልጀምር። ያየሽው ደም አይደለም፣ ሻጋታም አይደለም። ደም ሲቆይ ይጠቁራል እንጂ በአምስተኛው ሳምንት አይቀላም። የቆዳ ሰዎች ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ጨው ወዳድ የሆኑ ተህዋስያን ናቸው፤ በጣም የታወቀው ሃሎባክቴሪየም ሳሊናረም ይባላል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። እነዚህ ግን ወደ 250 ግራም ሲጠጋ ነው የሚመቻቸው። አብዛኛው ሌላ ተህዋስ በሚሞትበት ቦታ እነሱ ይፋፋሉ። በፀሐይ ከደረቀው ጨው ጋር ተጉዘው ይመጣሉ። ከዚያ ቆዳው ላይ ፕሮቲን ያገኛሉ፣ ሙቀት ያገኛሉ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት ብለን አንዘናጋ፤ በሚያዝያ ከቆርቆሮ ሥር ያለውን ሙቀት አንቺ ታውቂዋለሽ።

በንጹህ ውሃ ደመናው የጠፋው ሴሎቹ ስለፈነዱ ነው። ሆዳቸው ውስጥ የታመቀው ጨው ከውጪው ጋር ሚዛን የጠበቀ ነው። ውጪው ድንገት ንጹህ ሲሆን ሽፋናቸው ይበተናል። ያ እንደ ተልባ የተዝለገለገው ከውስጣቸው የፈሰሰው ዲኤንኤ ነው። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በዪ። የደም ሴልም በንጹህ ውሃ ይፈነዳል። ስለዚህ ይህ ሙከራ ብቻውን ወንድምሽን አያሳምነውም። ሌላ ልጨምርልሽ። ከቀዩ ትንሽ አድርቀሽ አሴቶን ጠብ አድርጊበት። ደም ከሆነ ይረጋል፣ ቀለሙም እዚያው ይቀራል። የእነዚህ ቀለም ግን ወደ አሴቶኑ ይወጣል። እሳት አጠገብ ብቻ እንዳትሠሪው።

ይህ የሚወጣው ቀይ ቀለም ባክቴሪዮሩቤሪን ይባላል። ከካሮት ቀለም ቤተሰብ ነው። ሥራው በዋናነት ሴሉን ከኃይለኛ ፀሐይ መከላከል ነው። አንቺ ያነበብሽው የዓይን ዘመድ ግን ይሄ አይደለም። ሰዎች ሁለቱን ያምታታሉ። የዓይኑ ዘመድ ከቀዩ ሥር ተደብቆ ያለ ሐምራዊ ነው።

ታሪኩ ደስ ይላል። ዋልተር ስቶከኒየስ የሚባል ሳይንቲስት ካሊፎርኒያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የዚህን ተህዋስ ሽፋን ያጠና ነበር። ሴሉን ልክ አንቺ እንዳደረግሽው በንጹህ ውሃ ሲያፈነዱት አብዛኛው ይበታተናል። አንድ ሐምራዊ ቁራጭ ግን ሳይበታተን ይቀራል። ከጀርመን የመጣው ኬሚስት ዲተር ኦስተርሄልት ሐምራዊውን በኦርጋኒክ ፈሳሽ ሲነካው ቢጫ ሆነ። ቀለሙ ከፕሮቲኑ መዳፍ ሲወጣ መልኩ ተለወጠ ማለት ነው። ይህ ደግሞ በዓይን ውስጥ የሚታወቅ ጠባይ ነው። ሲመረምሩት ሬቲናል ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1971 ውጤቱን አሳተሙ፤ ፕሮቲኑንም ባክቴሪዮሮዶፕሲን አሉት። ሮዶፕሲን በዓይናችን ሬቲና (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ንጣፍ) ውስጥ ያለው ፕሮቲን ስም ነው።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው። ሬቲናል ትንሽ ናት። 20 ካርቦን፣ 28 ሃይድሮጅን፣ 1 ኦክሲጅን። የምትገኘው ቤታ ካሮቲን ከመሃሉ ለሁለት ሲሰነጠቅ ነው። ቤታ ካሮቲን 40 ካርቦን አለው፤ ሲሰነጠቅ 20 እና 20 ይሆናል። እናትሽ ወጥ ስትሠራ ዘይቱ ቀልቶ ከላይ ሲንሳፈፍ አይተሻል አይደል? ያ የበርበሬው ቀለም ነው፤ እሱም ከዚሁ የካሮቲን ቤተሰብ ነው። ውሃ አይወድም፣ ቅባት ይወዳል። ሬቲናልም እንደዚያው ናት። ለዚህ ነው በሴል ሽፋን ውስጥ፣ በቅባቱ መካከል፣ ፕሮቲኑ አቅፏት የምትኖረው።

ፕሮቲኑ ሰባት ጥምዝ ምሰሶዎች አሉት። መሃላቸው ላይ ሬቲናል ተጋድማለች። ዝም ብላ የተቀመጠች አይደለችም፤ ታስራለች። ጫፏ አልዲሃይድ ነው። ከፕሮቲኑ አሚኖ አሲዶች 216ኛው ላይሲን ነው፤ ላይሲን ደግሞ አሚን አለው። አልዲሃይድና አሚን ሲገናኙ አንድ ውሃ ይወጣል፣ ካርቦንና ናይትሮጅን በድርብ ቦንድ ይያያዛሉ። ይህን ሺፍ ቤዝ እንለዋለን። ድፎ ዳቦ ቅርፊቱ ሲጠብስ የሚጀምረው ሪአክሽን የመጀመሪያ እርምጃው የዚሁ ዓይነት ነው፣ ስኳርና ፕሮቲን ሲያያዙ። ከዚያ ናይትሮጅኑ ላይ አንድ ፕሮቶን (ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጅን) ይጨመርና ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ይህችን ፕሮቶን አትርሻት።

ቀለሙ ከየት መጣ? ነፃ ሬቲናል የሞገድ ርዝመቱ ወደ 380 ናኖሜትር የሆነውን ብርሃን ነው የምትውጠው። ለዓይን ቢጫ ናት። ሺፍ ቤዝ ሆና ፕሮቶን ስትይዝ፣ ፈሳሽ ውስጥ ብቻዋን እያለች፣ ወደ 440 ትሄዳለች። በባክቴሪዮሮዶፕሲን ውስጥ ደግሞ 568 ትደርሳለች። አረንጓዴውንና ቢጫውን ትውጣለች፣ ሰማያዊውና ቀዩ ያልፋል፣ እኛ ሐምራዊ እናያለን። ሞለኪውሏ አንድ ናት። የተለወጠው ያቀፋት ነው።

የጎንደር ልጅ ስለሆንሽ በመሰንቆ ላስረዳሽ። መሰንቆ ክሩ አንድ ነው፣ ያውም ከፈረስ ጭራ። አዝማሪው ትዝታውንም ባቲውንም አምባሰሉንም ከዚያችው ከአንዷ ያወጣል። ክር አይቀይርም፤ ጣቱን ነው የሚያንቀሳቅሰው። ሬቲናል ክሯ ናት። ፕሮቲኑ የአዝማሪው ጣት ነው። ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለውን አሚኖ አሲድ ወደ ፖዘቲቩ ናይትሮጅን ሲያቀርበው ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ብርሃን ይሸሻል። ሲያርቀው ወደ ቀይ ይሄዳል። ጠምዛዛዋን ሬቲናል ቀና አድርጎ ሲይዛት ኤሌክትሮኖቹ በሰንሰለቱ ላይ እንደልብ ይዘረጋሉ፤ ይህም ወደ ቀይ ይገፋታል። በዓይንሽ ውስጥ ቀለም የሚለዩት ሦስት ዓይነት ሴሎች አሉ። ወደ 420፣ 530 እና 560 ናኖሜትር ላይ ነው የተቃኙት። በሦስቱም ውስጥ ያለችው ያችው ሬቲናል ናት። በመስቀል ሰሞን አደይ አበባን ከሣሩ ለይተሽ የምታዪው በአንዲት ሞለኪውልና በሦስት አቀፋፍ ነው። ይህን ለተማሪ ባስረዳሁ ቁጥር አሁንም ልቤ ይነካል።

ብርሃን ሲመታት ምን ይሆናል? ክንድሽን ዘርጊ። ከዚያ ክርንሽን እጠፊ። ይኸው ነው። በተህዋሱ ውስጥ ሬቲናል ቀጥ ብላ ትቆያለች። ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ሲመታት 13ኛው ካርቦን ላይ ትታጠፋለች። የሚፈጅባት ጊዜ ግማሽ ፒኮሰከንድ ያህል ነው። ፒኮሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛው ሚሊዮንኛ ነው። ስትታጠፍ ያች ፕሮቶን የተቀመጠችበት ናይትሮጅን ቦታው ይዛባል። ፕሮቶኗ 85ኛው ላይ ወዳለው አስፓርቲክ አሲድ ትዘላለች፤ ከዚያ ጋር ተያይዞ አንድ ፕሮቶን ወደ ውጪ ይወጣል። ባዶ የቀረው ናይትሮጅን ከ96ኛው አስፓርቲክ አሲድ ሌላ ፕሮቶን ይቀበላል። 96ኛውም ከሴሉ ውስጥ ይተካል። ሬቲናል ተመልሳ ትዘረጋለች። ዙሩ በሙሉ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። መሃል ላይ ፕሮቶን አልባ ስትሆን 412 ናኖሜትር ላይ ትወርድና ቢጫ ትሆናለች፤ ከዚያ ወደ ሐምራዊዋ ትመለሳለች።

ሴሉ ፕሮቶን ወደ ውጪ የሚገፋው ለምን ይመስልሻል? እንደ ግድብ ውሃ ነው። ውጪ የተጠራቀመው ፕሮቶን ወደ ውስጥ ሲመለስ ተርባይን የመሰለ ኢንዛይም ያሽከረክራል፣ ሴሉ ለሥራው ኃይል የሚያወጣበትን ሞለኪውል፣ ኤቲፒን፣ ይሠራል። ይህን ለማረጋገጥ እ.ኤ.አ. በ1974 ኤፍሬም ራከርና ስቶከኒየስ አንድ ግሩም ሙከራ አደረጉ። ከቅባት ትናንሽ ከረጢቶች ሠሩ። በአንድ በኩል ከጨው ተህዋስ የወጣውን ሐምራዊ ፕሮቲን፣ በሌላ በኩል ከበሬ ልብ የወጣውን ኤቲፒ ሠሪ ኢንዛይም ከተቱበት። ብርሃን ሲያበሩበት ኤቲፒ ተሠራ። ሁለቱ ፍጥረታት ከፕሮቶን በቀር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ሴል ኤቲፒ የሚሠራው በፕሮቶን ፍሰት ነው የሚለው፣ ባዮኬሚስቱ ፒተር ሚቼል ለዓመታት ሲሟገትለት የቆየው ሐሳብ በዚህ ጠነከረ፤ በ1978 ኖቤል ተሸለመ። የአባትሽ መጋዘን የበሬ ቆዳም፣ ያ ቀይ ነገርም ያለበት ነውና ይህን ታሪክ ስትሰሚ ደስ እንደሚልሽ ገመትኩ።

የማይክሮ ተማሪ

ጋሼ ከጻፉት ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። ሃሎባክቴሪየም ስሙ ባክቴሪያ ይላል እንጂ ባክቴሪያ አይደለም። አርኬያ ነው፤ ይህም ከባክቴሪያ የተለየ የራሱ የተህዋስያን ምድብ ነው። ስሙ የወጣለት ካርል ዎዝ እ.ኤ.አ. በ1977 አርኬያን ለብቻቸው ከመለየቱ በፊት ስለሆነ እንዲያው ቀረ። ደግሞ እንዲህ ዓይነት ፕሮቲን የጨው ተህዋስ ብቻ አይደለም። በ2000 በውቅያኖስ ባክቴሪያ ውስጥም ተገኘ፤ ፕሮቲዮሮዶፕሲን ተባለ። ባሕር ላይ ሞልቷል። በሌሎች አገሮች ንጹህ ውሃ ሐይቆችም የዚሁ ዘመዶች ተገኝተዋል። ጣናን በዚህ ዓይን ብናጠናው እላለሁ፤ ለመመረቂያ የማስበው ርዕስ ነው።

የቆዳ ቤት ልጅ፣ ጎንደር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ክንዴንም አጠፍኩ።

አሴቶኑን ሞከርኩት። ወንድሜ ቆሞ እያየ ነው የሠራሁት። ቀለሙ ወጣ! አሴቶኑ ብርቱካንማ ቀይ ሆነ፣ ከታች የቀረው ነጣ። በሌላ ብርጭቆ ከሥጋ ቤት ያመጣሁትን የደረቀ ደም አደረግኩ። እሱ ቡናማ ሆኖ ተኮራመተ፤ አሴቶኑም ነጭ እንደሆነ ቀረ። ወንድሜ ምንም አላለም። ከዚያ ሄዶ የአምናውን ጨው በኩንታል እየሞላ ማውጣት ጀመረ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። መጋዘናችን መስኮት የለውም። በሩ ሲዘጋ እጅሽን አታዪም። ታዲያ ብርሃን በሌለበት ያ ሁሉ ማሽን ምን ይሠራላቸዋል? ሁለተኛው ደግሞ፣ ፕሮቲኑ ያን ያህል ከተመሳሰለ፣ የአያቴ ዓይን ለምን ይደክማል? እነሱ ለምን አይደክሙም?

ጡረተኛው መምህር፣ አዘዞ

የመጀመሪያው ጥያቄሽ በጣም ትክክለኛ ነው። መልሱ፣ በመጋዘናችሁ ውስጥ ማሽኑ ሥራ የለውም። እዚያ የሚኖሩት እንደ እኛ በልተው፣ ኦክሲጅን ተንፍሰው ነው። የሚበሉት የቆዳውን ፕሮቲን ነው፤ "ተበልቷል" ያለሽ ገዢ ቃል በቃል እውነቱን ነው። ሐምራዊውን ፕሮቲን በብዛት የሚሠሩት ኦክሲጅን ሲያጥራቸው ብርሃን ደግሞ ሲኖር ነው። በጣም ጨዋማ ውሃ ኦክሲጅን በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ ፀሐይ የሚመታው የጨው ኩሬ ላይ ብዙ ጊዜ ይቸገራሉ። ያኔ ብርሃኑ እንጀራቸው ይሆናል። ሽፋናቸው ላይ ፕሮቲኑ ሦስት ሦስት እየሆነ እንደ ማር እንጀራ ቀፎ ተደርድሮ ይታያል። ይህ ድርድር በጣም ሥርዓት ያለው ስለነበር ሪቻርድ ሄንደርሰንና ናይጄል አንዊን እ.ኤ.አ. በ1975 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሰባቱን ምሰሶዎች ማየት ቻሉ። በሽፋን ውስጥ ያለ ፕሮቲን ቅርጽ እንዲያ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄሽ አያትሽን የሚመለከት ስለሆነ ቀስ ብዬ ልመልስ። ሬቲናል አንድ ብትሆንም አያያዙ ይለያያል። በዓይን ውስጥ ሬቲናል የምትጀምረው ታጥፋ ነው፣ 11ኛው ካርቦን ላይ። ብርሃን ሲመታት ትዘረጋለች። ተህዋሱ ዘንድ በተቃራኒው ተዘርግታ ጀምራ ትታጠፋለች። ትልቁ ልዩነት ከዚያ በኋላ ነው። በተህዋሱ ውስጥ ሬቲናል ከላይሲኑ አትለቅም። በራሷ ትመለሳለች፣ ሥራዋን ትቀጥላለች። በዓይን ውስጥ ግን ከተዘረጋች በኋላ ትላቀቃለች። ከሬቲናው ጀርባ ወዳለው የሴል ንጣፍ ሄዳ፣ እንደገና ታጥፋ፣ ተመልሳ መታሰር አለባት። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ምንም አይታይሽም። ሻማ ሳትለኩሺ ግማሽ ሰዓት ብትቀመጪ ግን የዕቃው ቅርጽ ይታይሻል። ያ ጊዜ በከፊል ሬቲናል እስክትመለስ የሚፈጅ ነው።

በዚህ መመላለስ መሃል ትንሽ ትንሽ ትባክናለች፤ መተካት አለባት። ተህዋሱ ካሮቲኑን ራሱ ሠርቶ ራሱ ይሰነጥቃል። እኛ ግን ካሮቲን መሥራት አንችልም። ከጎመን፣ ከካሮት፣ ከማንጎ እናገኘዋለን። ወይም እንስሳው አዘጋጅቶ ጉበቱ ውስጥ ያስቀመጠውን ቫይታሚን ኤ እንበላለን። ጆርጅ ዋልድ ቫይታሚን ኤ ሬቲና ውስጥ እንዳለ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በ1967 ኖቤል ተሸለመ። "ጉበት አብሏት" የሚለው ምክር ግን ከእሱ በብዙ ዘመን ይቀድማል። ጎመኑንም ቢሆን ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አብስሉት፤ የጾም ቢሆንም ቅባት ከሌለ ካሮቲኑ አንጀት ላይ በደንብ አይገባም።

የዓይን ክፍል ነርስ

እህቴ፣ ሰላም። ሁሉንም አነበብኩት። መምህሩ ያሉት ልክ ነው። ስለ አያትሽ ግን እኔ ልናገር።

ዳፍንት ሁሉ የቫይታሚን ኤ እጥረት አይደለም። በልጆችና በነፍሰ ጡሮች ላይ ሲሆን መጀመሪያ የምናስበው እሱን ነው። ለዚህ ነው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ ጠብታው የሚሰጠው፤ ሰማያዊዋ ካፕሱል ዓመት ላልሞላቸው፣ ቀይዋ ከዚያ በላይ ላሉት። በትልቅ ሰው ግን የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል። ግላኮማ ሊሆን ይችላል። በዘር የሚወረድ የሬቲና በሽታም አለ። ሞራ ከሆነ ጉበት ብትበላ ምንም አይለወጥም፤ በኦፕራሲዮን ግን ይድናል። ግላኮማ ከሆነ ደግሞ የጠፋው አይመለስም፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ወር ዋጋ አላት። በአደራ እንዳትዘገዩ። ቫይታሚን ኤ ከፋርማሲ ገዝታችሁም በራሳችሁ አትስጧት። ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ከፍተኛ መጠን ጽንሱን ይጎዳል።

ስለ ተህዋስያኑ እኔም አንድ ልበል፤ በሥራዬ በጣም የምከታተለው ነገር ነው። በአረንጓዴ አልጌ ውስጥ ቻናልሮዶፕሲን የሚባል አለ። ይህም ሬቲናል ያለው ነው። ፕሮቶን እንደመግፋት ብርሃን ሲመታው በር ከፍቶ አዮኖችን ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ነው ሥራው የታወቀው። በነርቭ ሴል ውስጥ ሲያስገቡት ሴሉ በብርሃን መነቃቃት ጀመረ። በ2021 በታተመ ጥናት ደግሞ በዘር በሚወረድ የሬቲና በሽታ ለብዙ ዓመታት ዓይነ ስውር የነበረ ሰው ዓይን ውስጥ የዚህን ዓይነት ፕሮቲን ጂን አስገብተው ነበር። ልዩ መነጽር አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቃ ለይቶ መንካት ቻለ። ሙሉ ማየት አይደለም። ገና ጥናት ላይ ነው፣ እኛ ጋም የለም። ግን በየቀኑ "ከእንግዲህ የምናደርገው የለም" እያልኩ የምሸኛቸውን ሰዎች ሳስብ፣ ይህን ዜና ያነበብኩበትን ቀን አልረሳውም።

አያትሽን ነገ ዛሬ ሳትዪ አምጫት። በጧት ኑ፤ ወረፋው ይበዛል።

የቆዳ ቤት ልጅ፣ ጎንደር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያደረግነውን ልንገራችሁ።

የአምናው ጨው ተደፍቷል፣ ጉድጓድ ቆፍረን ነው የቀበርነው። ወለሉን በብዙ ንጹህ ውሃ አጠብነው። ንጹህ ውሃ እንደሚያፈነዳቸው ከጠርሙሱ ስላየሁ እኔ ነኝ ውሃ ይብዛ ያልኩት። አባዬ ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጎ ሁለት የአየር ማስገቢያ አስከፈተ። ቀይ ያልነካቸውን ሌጦዎች አራግፈን አዲስ ጨው ነሰነስንባቸው። የተበሉት ተበልተዋል፤ በወረደው ዋጋ ሄዱ።

አያቴን ማክሰኞ ወሰድናት። የቀኝ ዓይኗ ሞራ ነው፣ የግራውም ጀምሯል። ግላኮማ የለባትም። ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተሰጥቷታል፣ ሰኔ መጨረሻ።

የጨው ውሃውን ጠርሙስ አልደፋሁትም። እቤት መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሮዝነቱ በየቀኑ እየደመቀ ነው። አያቴ ትናንት ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። "ቀይ ነው አይደል?" አለችኝ። "አዎ እማማ፣ ቀይ ነው" አልኳት።